ተቃዋሚም አልነበረም፣ ታግዶም አልፈረሰም፦ ስለ ቬትናም ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ

ጥያቄ፦ «ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ስለ አንድ ፓርቲ አገዛዞች እያጠናሁ ነው። ቬትናም ውስጥ እስከ 1988 ድረስ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ የሚባል ለዘብ ያለ ግራ ዘመም ተቃዋሚ እንደነበረ አነበብኩ። ኮሚኒስቶቹ ለምን አገዱት? እውነተኛ ፓርቲ ነበር ወይስ ተለጣፊ? በ2006 ተመለሰ የሚባለውስ ያው ራሱ ነው? አማካሪዬ አንድ አንቀጽ ጽፈህበት እለፍ ብለውኛል። እኔ ግን ምን ብዬ እንደምጠራው እንኳ አላወቅሁም።»

ምላሽ፦ ከጥያቄዎችዎ ውስጥ ሁለቱ መነሻቸው ስህተት ነው፤ መጀመሪያ እነሱን እናንሳ። ይህ ፓርቲ ተቃዋሚ ሆኖ አያውቅም። ጁን 30 ቀን 1944 ሲመሠረት ኮሚኒስቶቹ በሚመሩት የነጻነት ትግል ግንባር፣ በቬት ሚን ውስጥ ነው የተመሠረተው። በኮሚኒስቶቹ ግንባር ተወልዶ በኮሚኒስቶቹ ግንባር ሞተ። በ1945 ነጻነት ሲታወጅ መሪዎቹ ሚኒስትሮች ነበሩ። እስከ መጨረሻውም መንግሥትን ተቃውሞ ምርጫ የገባበት አንድ ቀን የለም።

ሁለተኛ፣ አልታገደም። በኦክቶበር 1988 የራሱ መሪዎች ታሪካዊ ሥራችን አልቋል ብለው በይፋ ዘጉት። በፈቃዳቸው ነው ወይስ ተነግሯቸው የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። የእገዳ አዋጅ ግን የለም። ጽሑፍዎ ላይ «ታገደ» ብለው ከጻፉ ፈታኙ የአዋጁን ቁጥር ይጠይቅዎታል፣ እርስዎም አያገኙትም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስሙን እናጥራ፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው። «ዴሞክራሲያዊ» የሚል ቃል በስሙ ያለው የቬትናም ፓርቲ አንድ ብቻ አይደለም። ደቡብ ቬትናም ውስጥ ፕሬዚዳንት ንጉየን ቫን ትዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴሞክራሲ ፓርቲ የሚባል የራሱን የመንግሥት ፓርቲ አቋቁሞ ነበር። ያ ጸረ ኮሚኒስት ነው፤ ከእኛኛው ጋር ምንም አያገናኘውም። የሆዋ ሃው ሃይማኖት መሪ ሁዊን ፉ ሶ ደግሞ በ1946 ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊስት ፓርቲ መሠረተ። በዓመቱ፣ በ1947፣ ቬት ሚኖች ገደሉት። «የቬትናም ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ከቬት ሚን ጋር ደም ተቃባ» የሚል ነገር ካነበቡ ጸሐፊው እነዚህን ሁለቱን ቀላቅሎ ነው። እኛ የምናወራው ስለ ሃኖዩ ነው።

አሁን ወደ 1943 እንሂድ፤ የፓርቲው ማርገዣ እዚያ ነው። የኢንዶቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ ያኔ በተራራና በገጠር የተደበቀ ትንሽ ድርጅት ነበር። ቬት ሚን በኦገስት 1945 ሥልጣን ከያዘበት ከነሐሴው አብዮት በፊት የነበሩት አባላት ብዙ ጊዜ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ ይባላል። ጃፓኖች አገሪቱን ይዘዋል፣ ፈረንሳዮች ቢሯቸውን አልለቀቁም። ኮሚኒስቶቹ ገበሬው ዘንድ መግቢያ ነበራቸው። ከተማ ውስጥ ግን እጃቸው አጭር ነበር። ፈረንሳይኛ የሚናገረው ጠበቃ፣ መሐንዲሱ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ «ኮሚኒስት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ይሸሻል። በፌብሩዋሪ 1943 ሃኖይ አቅራቢያ ቮንግ ላ መንደር ላይ የተሰበሰበው የፓርቲው ቋሚ ኮሚቴ ይህንን ችግር አነሳ። ከተማውንና ምሁሩን ካልያዝን ሥልጣን ቢመጣም አንይዘውም የሚል ስሌት ነው። የዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ሐሳብ ከዚህ ስሌት ይወለዳል።

እዚህ ድረስ ሲታይ «ተለጣፊ» የሚለው ቃል የሚመጥነው ይመስላል። አንዱ አስቦ ሌላውን ሠራው፣ አለቀ። ግን ወደ ሌላኛው ወገን ዞር ይበሉ።

ሃኖይ ውስጥ በዚያን ጊዜ ኮሚኒስቶቹ ያልፈጠሩት ሕያው የምሁራን ዓለም ነበር። ከ1941 እስከ 1945 የታተመ ታን ንጊ የሚባል መጽሔት ነበር። ወጣት የሕግና የኢኮኖሚ ምሁራን ስለ ግብር፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ገጠር ዕዳ፣ ስለ ሕገ መንግሥት ይጽፉበት ነበር። ከአንቀሳቃሾቹ አንዱ ቩ ዲን ህዌ ነው፣ ሌላው ዶ ዱክ ዙክ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ደግሞ የተማሪዎች ማኅበር ነበረ፤ መሪው ዱዎንግ ዱክ ሂየን ይባላል። እነዚህ ሰዎች ማርክሲስቶች አልነበሩም። ነጻነት፣ ፓርላማ፣ ሕግ፣ ለድሃው የሚያስብ መንግሥት ነው የሚፈልጉት። በዛሬ አነጋገር ለዘብተኛ ግራ የምንለው ስሜት ነው። የራሳቸው ሐሳብ፣ የራሳቸው አንባቢ፣ የራሳቸው የጓደኛ መረብ ነበራቸው። ያልነበራቸው ሁለት ነገር ነው፦ ጠመንጃና ገበሬ።

በ1944 ፓርቲው ሲመሠረት መሪ የሆነው ይኸው የተማሪዎቹ መሪ ዱዎንግ ዱክ ሂየን ነው። ዶክ ላፕ፣ ማለትም «ነጻነት»፣ የሚባል ጋዜጣ በኅቡዕ ማውጣት ጀመሩ። እንግዲህ ይህ የሁለት ፈላጊዎች ግጥምጥም ነው። ኮሚኒስቶቹ ከተማ ፈለጉ፣ የከተማው ምሁር ክንድ ፈለገ። አንዱ ሌላውን ጠፍጥፎ ሠራው ማለት የዚህን ወገን ሰዎች እንደ አሻንጉሊት መቁጠር ነው። እኩል ለእኩል ተዋዋሉ ማለትም ውሸት ነው። ክንዱ ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር።

የታን ንጊዎቹን መንገድ ልብ ብለው ይዩት። ማርች 9 ቀን 1945 ጃፓኖች ፈረንሳዮቹን በአንድ ሌሊት ገለበጡ። ከዚያ በጃፓን ጥላ ሥር የትራን ትሮንግ ኪም መንግሥት ተቋቋመ። ከመጽሔቱ ሰዎች ገሚሱ፣ እነ ፋን አን፣ እዚያ መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር ሆነው ገቡ። ገሚሱ፣ እነ ቩ ዲን ህዌ፣ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ውስጥ ናቸው። ትናንት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይጽፉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አሳዛኙ ነገር፣ ያን ዓመት ሰሜኑን የመታው ረሃብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው፣ በብዙ ግምት ከአንድ ሚሊዮን በላይ፣ ጨርሷል፤ የጃፓን ጥላ ሥር ያለው መንግሥት እህል ከደቡብ ማምጣት አልቻለም። ቬት ሚን ጎተራ ሰብሮ እህል ያከፋፍል ነበር። ምሁሩ ወደየት እንዳዘነበለ ለመረዳት የርዕዮተ ዓለም መጽሐፍ አያስፈልግም። ፋን አን ራሱ በሚቀጥለው ዓመት የሆ ቺ ሚን መከላከያ ሚኒስትር ሆኖ እናገኘዋለን።

ኦገስት 17 ቀን 1945 የመንግሥት ሠራተኞች ሃኖይ ኦፔራ ቤት ፊት ለፊት ለትራን ትሮንግ ኪም መንግሥት የድጋፍ ሰልፍ ጠሩ። ሰልፉ መሃል ላይ የቬት ሚን ባንዲራ ተዘረጋ፣ መድረኩ ተነጠቀ፣ ድጋፉ ወደ አመጽ ተገለበጠ። ከሁለት ቀን በኋላ ከተማዋ በቬት ሚን እጅ ነበረች። የከተማ አጋር ጥቅሙ እንዲህ ባለ ቀን ነው የሚታየው። ኦገስት 30 ቀን ንጉሥ ባዎ ዳይ ሁዌ ከተማ ላይ ሰይፍና ማኅተማቸውን ሲያስረክቡ ከሦስቱ ተረካቢዎች አንዱ ኩ ሁይ ካን ነበር፤ ገጣሚ ነው፣ ፓርቲውን ወክሎ መንግሥት ውስጥ ገብቷል። በመጀመሪያው ካቢኔ ዱዎንግ ዱክ ሂየን የወጣቶች፣ ቩ ዲን ህዌ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። በማርች 1946 ቅንጅት መንግሥት ሲመሠረት ቩ ዲን ህዌ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተዛወረ። የኖቬምበር 1946 ሕገ መንግሥት በ240 ድምፅ ድጋፍና በ2 ተቃውሞ ሲጸድቅ የፍትሕ ሚኒስትሩ እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ መቀመጫ ቁጥር አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። በጃንዋሪ 6 ቀን 1946 ምርጫ 333 ሰዎች ተመረጡ። 70 መቀመጫ ደግሞ ያለ ምርጫ ለሁለት ተቀናቃኝ ፓርቲዎች በስምምነት ተሰጠ፤ 50 ለብሔርተኛው ፓርቲ፣ 20 ለቬት ካክ። ይህ ግልጽ ነው። ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ስንት ወሰደ ሲባል ግን መጻሕፍቱ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ባርኔጣ ነበረው። አንዱ ቆጣሪ «ቬት ሚን» ይለዋል፣ ሌላው «ዴሞክራት»፣ ሦስተኛው «ገለልተኛ»። ስለዚህ በመቶኛ የተሰላ የመቀመጫ ሠንጠረዥ ጽሑፍዎ ውስጥ አያስገቡ። ያምራል፣ ግን መሠረቱ አሸዋ ነው።

የሁለት ባርኔጣው ነገር ቀልድ አይደለም፤ የፓርቲው ዋና ሞተር እሱ ነው። በኖቬምበር 1945 የኮሚኒስት ፓርቲው ራሱን አፍርሻለሁ ብሎ አወጀ። በይፋ የቀረው «የማርክሲዝም ጥናት ማኅበር» ነው። ቻይናውያን ብሔርተኞች ሰሜኑን በጦር ይዘውት ስለነበር ኮሚኒስት መባል አደገኛ ነበር። በእርግጥ ፓርቲው አልፈረሰም፣ ተደበቀ እንጂ። በዚያ ጊዜ አንድ መንግሥት «እኛ የሁሉም ነን» ሲል የሚያሳየው ሌላ ፓርቲ ያስፈልገዋል። ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ሽፋን ሆነ። ሽፋኑ እንዳይላላ ደግሞ ኮሚኒስት አባላት አመራሩ ውስጥ ተቀመጡ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ የነበረው ሆዋንግ ሚን ቺን ራሱ የድሮ ኮሚኒስት ነበር። ደቡብ ላይ የሳይጎኑ አርክቴክት ሁዊን ታን ፋትም እንዲሁ። በ1940 ኮሚኒስት ሆኖ ከዚያ የደቡቡን ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ መራ። በ1969 ደግሞ የደቡብ ቬትናም ጊዜያዊ አብዮታዊ መንግሥት ሊቀ መንበር ሆኖ ወጣ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን አሠራር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ልዩነቱ፣ በቬትናም ነገሩ የተሠራው በጦርነት መሃል፣ ከነፍስ ጋር ተያይዞ ነው።

መንትያውን ሳያነሱ ይህን ታሪክ መጻፍ አይቻልም። ጁላይ 22 ቀን 1946 የቬትናም ሶሻሊስት ፓርቲ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ቀድሞ የፈረንሳይ ሶሻሊስት ፓርቲ አባላት የነበሩ ቬትናማውያን ናቸው፤ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ፋን ቱ ንጊያ ነው። ቀኑን ይያዙት። ከዚያ አሥር ቀን ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 12፣ ፀጥታ ኃይሉ ሃኖይ ኦን ንሁ ሃው መንገድ ላይ ያለውን የብሔርተኛውን ፓርቲ ቤት ወርሮ ድርጅቱን ሰባብሮት ነበር። ሆ ቺ ሚን በዚያው ሰሞን ፈረንሳይ ነው፤ ፎንቴንብሎ ላይ ድርድር ይዟል። ከፈረንሳይ በኩል የቅኝ ግዛት ጉዳይ የያዘው ማርየስ ሙቴ ሶሻሊስት ነው። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ የማይታዘዘው ፓርቲ ተመታ፣ የሚታዘዘውና ከፓሪስ ሶሻሊስቶች ጋር በአንድ ቋንቋ የሚያወራው ተወለደ። እንዲህ ያለ መገጣጠም በአጋጣሚ ይሆናል ብዬ አላምንም። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ከተጠቀሙበት እንደ ንባብ ይጠቀሙበት። ከሶሻሊስቶቹ ሆዋንግ ሚን ዛም ከ1947 እስከ 1954 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። የሜትሮሎጂ ሳይንቲስቱ ንጉየን ሲየን ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፓርቲውን እስከ መጨረሻው መራ።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው? ነበራቸው፤ ጠባብ ቢሆንም። የምመርጠው ምሳሌ የቩ ዲን ህዌ ነው። ፍትሕ ሚኒስትር እያለ ዳኛው ከአስተዳደሩ ነጻ መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። በ1948 ጫካ ውስጥ፣ በጦርነት መሃል፣ ስለ ዳኝነት ነጻነት በጋዜጣ የተጻፈ ክርክር ነበር። ኮሚኒስቶቹ ፍርድ ቤት የአብዮቱ መሣሪያ ነው አሉ፤ የሚኒስትሩ ወገን ሕግ ሕግ ነው አለ። ተሸነፈ። በ1960 የፍትሕ ሚኒስቴር ራሱ ከነሚኒስትሩ ተሰረዘ፤ እንደገና የተቋቋመው በ1981 ነው። ተለጣፊ ሰው እንዲህ አይከራከርም። ጡንቻ ያለው ፓርቲም እንዲህ አይሸነፍም። እውነቱ እዚህ መሃል ነው ያለው፤ «እውነተኛ ወይስ ተለጣፊ» የሚለው ጥያቄዎ ደግሞ ይህን መሃል ያሳጣዎታል። መጠየቅ ያለበት መቼ ምን ሠራ ነው።

በእኔ አቆጣጠር ፓርቲው ሁለት ሥራ ነበረው። አንዱ ሽፋን፣ ሁለተኛው ድልድይ። የሽፋንነቱ ሥራ በፌብሩዋሪ 1951 አበቃ። ኮሚኒስቶቹ ያን ጊዜ «የቬትናም ሠራተኞች ፓርቲ» ብለው በይፋ ወጡ። ማኦ ቤጂንግ ላይ ነው፣ መሣሪያ ይመጣል፣ መደበቅ አላስፈለገም። ባለቤቱ ከቤት ሲወጣ ሽፋኑ ምን ያደርጋል?

የድልድይነቱ ሥራ ትንሽ ቆየ። በ1954 ጦሩ ሃኖይ ሲገባ ከተማዋን የሚያውቁ ሰዎች አስፈለጉ። ነጋዴው እንዳይሸሽ፣ ሐኪሙና መሐንዲሱ ወደ ደቡብ እንዳይሄድ የሚያግባባ ሰው። ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ያኔም አገለገለ፤ በሴፕቴምበር 1955 የአባት አገር ግንባር ሲቋቋም አባል ሆኖ ገባ። ግን የሚወክለው ማኅበረሰብ ራሱ እየጠፋ ነበር። በደርግ ዘመን ጋዜጣ ያነበበ ሁሉ ቃላቱን ያውቃቸዋል፦ ንዑስ ከበርቴና ብሔራዊ ከበርቴ። ፓርቲው እነዚህን እወክላለሁ ነበር የሚለው። የመሬት ይዞታ ለውጡ ከ1953 እስከ 1956 የባለመሬት ቤተሰቦችን አደቀቀ፤ ብዙ ምሁር ደግሞ ከእነዚያ ቤተሰቦች ነበር። በ1956 ትንሽ የተነፈሱ ጸሐፊዎች ከ1957 መጨረሻ ጀምሮ ተቀጡ። ከ1958 እስከ 1960 የግል ንግዱና ፋብሪካው ወደ መንግሥትና ወደ ማኅበር ዞረ። ከዚያ በኋላ ሃኖይ ውስጥ ብሔራዊ ከበርቴ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ዳር የሌለው ድልድይ።

ከ1960 እስከ 1988 ያለውን 28 ዓመት በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢያልፉት አልወቅስዎትም። ፓርቲው ጋዜጣውን ያወጣል፣ የተመደበለትን የፓርላማ መቀመጫ ይይዛል፣ በበዓል ቀን መድረክ ላይ ይቀመጣል። መሪው የግብርና ባለሙያው ንጊየም ሹዋን የም ነው፤ ራሱ የግብርና ሚኒስትር ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። ምክትሉ መሐንዲሱ ትራን ዳንግ ኮዋ ነው። (በዚህ ስም በልጅነቱ የታወቀ ገጣሚም አለ፤ እንዳያደናግርዎ፣ ያኛው የተወለደው በ1958 ነው።) ገጠር፣ ፋብሪካና ጦር ሠራዊት ውስጥ ቅርንጫፍ የለም። አባላቱ ያረጃሉ። የ1980 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 ኮሚኒስት ፓርቲውን መንግሥትንና ኅብረተሰብን የሚመራ ብቸኛ ኃይል ብሎ ሲጽፍ ሁለቱ ትንንሽ ፓርቲዎች እዚያው ፓርላማ ውስጥ ተቀምጠዋል። «ብቸኛ» ለተባለበት ሕግ እጅ ያወጣ ፓርቲ ምን ቀረው?

ለምን በ1988? ይህን ጥያቄ ሰዎች ብዙ ይጠይቁኛል። መልሱን በአንድ ምክንያት መጨፍለቅ አይገባም። የመጀመሪያው ተፈጥሮ ነው፤ የ1944 ተማሪዎች ሰባ እየተጠጉ ነበር፣ ከኋላቸው ሰው የለም። ሁለተኛው የዶይ ሞይ ተሐድሶ ነው። በ1986 የዋጋ ንረቱ ከ700 በመቶ በላይ ደርሶ በዲሴምበር የኮሚኒስት ፓርቲው ስድስተኛ ጉባኤ ኢኮኖሚውን ከፈተ። አዲሱ የኮሚኒስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ ንጉየን ቫን ሊን ጋዜጠኛውን ጻፍ አለው። የግል ነጋዴ ተመልሶ መጣ። አሁን ነገሩን ያስቡት፦ ለ30 ዓመት የሚወክለው ሰው ያጣ ፓርቲ በድንገት የሚወክለው ሰው ሊያገኝ ነው! ዝግጁ ስም፣ ዝግጁ ጋዜጣ፣ ሕጋዊ ዕውቅና ያለው ድርጅት አለ። ነገሩን ካልተቆጣጠሩት ባዶው ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል። ኮሚኒስቶቹ ኢኮኖሚውን ለመክፈት ሲወስኑ ፖለቲካውን ለመክፈት አልወሰኑም። በ1990 የፖሊት ቢሮው አባል ትራን ሹዋን ባክ ስለ ብዝኃነት በመናገሩ ከቦታው ተነሳ። መስመሩ የት እንደተሰመረ ከዚህ ይታያል።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ብዙ ጸሐፊዎች የፖላንድን ምሳሌ ይጠቅሳሉ። እዚያ ለ40 ዓመት የኮሚኒስቶቹ ተከታይ የነበሩት የገበሬዎች ፓርቲና ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ በኦገስት 1989 ከድተው ተቃዋሚ ከሆነው የሠራተኞች ማኅበር ከሶሊዳሪቲ ጋር ቆሙ፤ በዚያ ምክንያት ታዴዩሽ ማዞቪየትስኪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ድንቅ ምሳሌ ነው፤ የተኛ ፓርቲ ሊነቃ እንደሚችል ያሳያል። ነገር ግን የሆነው ሃኖይ ላይ ፓርቲዎቹ ከተዘጉ በኋላ ነው። «ፖላንድን አይተው ዘጉት» ብለው እንዳይጽፉ። ቻይና ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ይዛለች። ስምንቱን ትንንሽ ፓርቲዎች ዛሬም አስቀምጣቸዋለች። ይህ የሚያሳየን በ1988 መዝጋት የግድ እንዳልነበረ ነው። ቬትናም ትታቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ግንባሩ ስብሰባ ላይ የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር።

እንግዲህ በፈቃድ ወይስ በትእዛዝ ላሉት፦ ሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ የፓርቲው ነው። ውሳኔው ግን ከኮሚኒስት ፓርቲው ፈቃድ ውጭ ሊሆን አይችልም ነበር፤ አመራሩ በሁለት ባርኔጣ ሰዎች የተሞላ ድርጅት የራሱ የሚለው ፈቃድ የት አለው? እኔ «ራሱን አከሰመ» የሚለውን እመርጣለሁ። «ተገደደ» ብለው መጻፍ ከፈለጉ የእርስዎ ድምዳሜ መሆኑን ይግለጹ።

የ2006ቱ ጉዳይ ቀረ። መልሱ አይደለም ነው፤ ግን ወደዚያ የሚወስደው ሰው ታሪኩ ይገርማል። ከላይ ዋና ጸሐፊ የነበረው ኮሚኒስት ያልኩዎት ሆዋንግ ሚን ቺን በ1947 የዛ ላም አውሮፕላን ማረፊያን ያጠቃ ቡድን መርቷል፤ ጀግና ነው። ሞስኮ ተማረ፣ ተመልሶ የፍልስፍና ተቋም ኃላፊ ሆነ። በ1960ዎቹ ሃኖይ ወደ ቤጂንግ ጠንካራ መስመር ስታዘነብል እሱ የሶቪየቱን መሪ የክሩሽቼቭን በሰላም አብሮ መኖር ደገፈ፣ ዶግማን የሚነቅፍ ጽሑፍ ጻፈ። በ1967 ታሰረ። በ1980ዎቹ እንደገና፣ በ1995 እንደገና። በተለያየ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ በእስርና በቁም እስር አሳልፏል። ሰማንያ አምስት ዓመቱ ላይ፣ በሽተኛ ሆኖ፣ በ2006 «ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን መልሼዋለሁ» አለ። በፌብሩዋሪ 2008 ሞተ። መንግሥት ዕውቅና አልሰጠውም፤ በ2009 መጨረሻና በ2010 መጀመሪያ በርካታ ሰዎች ከዚህ እንቅስቃሴ ጋር ተያይዘው እስር ተፈረደባቸው።

ቅርሱን ወስዷል ለማለት አንድ ክር አለ፤ የድሮው ዋና ጸሐፊ ራሱ ነው ያወጀው። የድርጅት ቀጣይነት ግን የለም። ከ1988ቱ አመራር ውርስ የለውም፣ ጋዜጣው የለም፣ ግንባሩ ውስጥ መቀመጫ የለም። አቋሙም የተገለበጠ ነው፤ የመጀመሪያው በመንግሥት ውስጥ ነበር፣ ይህኛው መንግሥትን ይቃወማል። ምጸቱ እዚህ ነው፦ አንድ ጊዜ ፓርቲውን በኮሚኒስቶቹ ስም እንዲጠብቅ የተቀመጠ ሰው በመጨረሻ ስሙን በኮሚኒስቶቹ ላይ አነሳው። በግርጌ ማስታወሻ ይጥቀሱት እንጂ አንድ ታሪክ አድርገው አያያይዙት።

ምን ብለው እንደሚጠሩት ሦስት አማራጭ አለዎት። «ተቃዋሚ» ከወዲሁ ወድቋል። «ተለጣፊ» የ1960ውን ሁኔታ ወደ 1944 ወስዶ ይለጥፋል፤ ቩ ዲን ህዌንና የታን ንጊ ሰዎችን ያጠፋል። «አነስተኛ ፓርቲ» ገለልተኛ ይመስላል፣ ግን ምንም አይናገርም። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ «የግንባር ፓርቲ» ይበሉት። ታሪኩንም 1951 እና 1960 ላይ ይቁረጡት። እስከ 1951 ሽፋንም ድልድይም ነበር፣ እስከ 1960 ድልድይ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ የሥነ ሥርዓት አካል። ንድፈ ሐሳብ ካስፈለገዎ ከፖላንድና ከቻይና ጋር ያነጻጽሩት፤ ምሥራቅ ጀርመንም ብዙ ጽሑፍ ስላላት ትረዳዎታለች። የቬትናምን ልዩነት ግን አይርሱ፦ የፖላንድና የምሥራቅ ጀርመን የግንባር ፓርቲዎች አብዛኞቹ ኮሚኒስቶች ሥልጣን ላይ ከወጡ በኋላ ቅርጽ ተሰጣቸው፤ ይህኛው ግን ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት፣ በኅቡዕ ነው የተወለደው።

አማካሪዎ ያሉት አንድ አንቀጽ ይበቃል ብዬ አላምንም፤ ሦስት አንቀጽ ይለምኗቸው። ሃኖይ በይፋ የታተመውን ታሪክ ሲያነቡ ደግሞ ሁሉም መስመር ላይ የኮሚኒስት ፓርቲው አመራር ይታይዎታል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ቬትናማውያን የጻፉትን ሲያነቡ ማታለል ብቻ ይታይዎታል። ሁለቱም ወገን ሰዎቹን ራሳቸውን አያስነብብዎትም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የታን ንጊን የ1941 እስከ 1945 ዕትሞች ትርጉም ወይም ጥናት ካገኙ ከእሱ ይጀምሩ።